ዘመን፣ ዛማኒ እና “እኛ”፦ የጆን ምቢቲን የጊዜና የማኅበር ትምህርት ከሰዋስው ወገን ማንበብ

በዚህ መንፈቀ ዓመት ስለ ግስ ጊዜ በምናካሂደው ሳምንታዊ ውይይት ላይ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ያቀረበው ጽሑፍ፣ “የአፍሪካ ቋንቋዎች ሩቁን መጪ ጊዜ የሚገልጹበት የግስ ቅርጽ የላቸውም” በሚል ዐረፍተ ነገር ይጀምር ነበር። ተማሪው ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በኦሮምኛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመስክ ሥራ ወደ ቦረና እንደሚሄድ ነገረው። ሁለቱም በነገሩ ውስጥ ግጭት አልታያቸውም። እኔም ወዲያው አላረምሁትም፤ ዐረፍተ ነገሩ የተማሪው አልነበረምና። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ የኖረ፣ ምንጩም አንድ የነገረ መለኮት መምህር የሆነ አባባል ነው። መታረም ካለበት ከምንጩ መታረም አለበት።

መምህሩ ጆን ሳሙኤል ምቢቲ ናቸው። በ1931 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኬንያ በኪቱይ አካባቢ ተወለዱ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኪካምባ ነው። በማኬሬሬ ተምረው በ1963 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ፤ ከ1964 እስከ 1974 በማኬሬሬ አስተማሩ። ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በስዊዘርላንድ ነው፤ በቦሴ የሚገኘውን የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተቋም መርተዋል፣ በበርን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፣ በቡርግዶርፍ ከተማ በመጋቢነት አገልግለዋል። በ2019 ዐረፉ። ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና የጻፉት፣ በ1969 የታተመው መጽሐፍ ነው።

ለጊዜው የመጽሐፉ ሐሳብ ደፋር ነበር። የአባቶች ጸሎት ከአጋንንት ሥራ በሚቈጠርበት ዘመን አንድ ካህን ተነሥቶ፣ እግዚአብሔር ከሚሲዮናውያን ጋር በመርከብ ተሳፍሮ የመጣ እንግዳ አይደለም፣ ቀድሞም በአፍሪካ ይታወቅ ነበር አለ። ክርስትና በአፍሪካ ሥር የሚሰደው በሕዝቡ ቋንቋና በማኅበራዊ ኑሮው ውስጥ ሲታሰብ ብቻ እንደሆነም አስተማረ። ይህን ሐሳብ አከብራለሁ። ክርስትናን ለሰው ክብርና ለማኅበር ኑሮ ክፍት አድርጎ ለማሰብ በአህጉሩ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ቀዳሚ ቦታ የሚሰጠው ነው። ትችቴ የሚመለከተው ሐሳቡን አይደለም፤ ሐሳቡ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱን፣ ቋንቋን፣ ነው።

የመጽሐፉ ሦስተኛ ምዕራፍ ስለ ጊዜ ነው። ምቢቲ እንደሚሉት በአፍሪካውያን አስተሳሰብ ጊዜ ሁለት ወገን ብቻ አለው፤ ረጅም ያለፈ ዘመንና አሁን። መጪው ገና ስላልተፈጸመ ጊዜ ተብሎ አይቈጠርም። ቢበዛ ከሁለት ዓመት ወዲያ ላለው ነገር ሰዎች ልባቸውን አይሰጡም፣ ቋንቋዎቹም የሚገልጹበት ቃል የላቸውም። ሁለቱን ወገኖች ለመሰየም ከስዋሂሊ ሁለት ቃላት ተዋሱ፤ ለአሁኑ “ሳሳ”፣ ለረጅሙ ያለፈ ዘመን “ዛማኒ”። የሞተ ሰው በስሙ የሚያስታውሱት ዘመዶች እስካሉ ድረስ በሳሳ ውስጥ ይቈያል፤ እንዲህ ያሉትን “ሕያዋን ሙታን” ይሏቸዋል። በስም የሚያስታውሳቸው የመጨረሻው ሰው ሲሞት ወደ ዛማኒ ይሰጥማሉ። ይህ ክፍል ውብ ነው። ተዝካር በሚወጣበት፣ ሙት ዓመት በሚቈጠርበት ቤት ያደገ አንባቢ ሳይታወቀው ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ይሁን እንጂ ለጠቅላላው ድምዳሜ የቀረበው ማስረጃ የግስ ሠንጠረዥ ነው፤ የግስ ሠንጠረዥ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

ሠንጠረዡ ኪካምባንና ጊኩዩን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። “መምጣት” የሚለው ግስ በዘጠኝ ረድፍ ይረባል፤ ለእያንዳንዱም የሚሸፍነው የጊዜ ርቀት ተጽፎለታል። ከዘጠኙ ሦስቱ ለመጪው ጊዜ ናቸው። ከሦስቱ እጅግ ሩቁ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይደርሳል ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቅርጽ ስለሌለ ከዚያ ወዲያ አሳብም የለም የሚለው ድምዳሜ ከዚሁ ይወጣል። እስኪ ሦስቱን ቅርጾች ትኩር ብለን እንያቸው። ከእነዚህ ቋንቋዎች አጠገብ አማርኛን ብናስቀምጥ ምን እናገኛለን? አማርኛ ለመጪው ጊዜ ብቻ የተለየ የግስ ቅርጽ አንድም የለውም። “ነገ እሄዳለሁ” እና “ዘወትር እሁድ እሄዳለሁ” ስንል ግሱ አይለወጥም። “ልሄድ ነው” የሚለው አለ፤ እርሱም የዘንድ አንቀጽና የ“ነው” ጥምር እንጂ ራሱን የቻለ ርባታ አይደለም፤ የሚያመለክተውም ለመሆን የተቃረበውን ነው። በምቢቲ ስሌት ከሄድን ሦስት የመጪ ጊዜ ቅርጽ ያለው ካምባ ሩቅ ማሰብ ካልቻለ፣ ምንም የሌለው አማራ ጭራሽ ነገን ባላወቀ ነበር።

የእኛ የሰዋስው ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ ያደረጉት ስያሜ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በግእዝ ሰዋስው “ይቀትል” የሚለውን ካልዓይ አንቀጽ “ትንቢት” ብለው ሰየሙት። ቅርጹ አሁን የሚደረገውንም፣ ዘወትር የሚደረገውንም፣ ገና የሚደረገውንም ይይዛል፤ ስሙን ግን ከሦስቱ ለገና ለሚመጣው ሰጡት። የተለየ የመጪ ጊዜ ርባታ የሌለው ቋንቋ ሊቃውንት ለግሱ ሲሶ ያህል የነቢያትን ሥራ ስም አወረሱት። ይህ ስያሜ ስለ ግእዝ ተናጋሪዎች አእምሮ ምንም አያረጋግጥም፤ ቅርጽን ተከትሎ አእምሮን መበየን ምን ያህል የሚያንሸራትት መንገድ እንደሆነ ግን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ሌላው ነገር፣ ያለፈው ጊዜ ከመጪው ይልቅ በብዙ ደረጃ መከፈሉ፣ እውነት ነው። ነገር ግን የአፍሪካ ብቻ አይደለም። በርናርድ ኮምሪና ኦስተን ዳል በ1985 ባሳተሟቸው የየራሳቸው መጻሕፍት ላይ ርቀትን በግስ የሚለዩ ቋንቋዎች በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች እንዳሉ፣ ያለፈውም ከመጪው ይልቅ በደረጃ የመከፈል ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። ለባንቱ ቋንቋዎች ደግሞ የዴሬክ ነርስ የ2008 ሥራ አለ። የሆነውን ስለምናውቅ እንከፋፍለዋለን፤ ያልሆነውን ስለማናውቅ በጅምላ እንይዘዋለን። ይህ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው። የስድስት ወሩም ወሰን ቢሆን ከርባታው የመጣ አይመስለኝም። “ሩቅ” የሚባል ቅርጽ ዳርቻው የሚወሰነው በሚነገረው ነገር ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ መከር ሲነገር ወራት፣ ስለ ልጅ ጋብቻ ሲነገር ዓመታት ይሆናል። ምቢቲ የወሰዱት የገበሬውን ዓመት ሳይሆን አይቀርም፤ የገበሬውን የሥራ ዓመት የግሱ ትርጉም አደረጉት።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም የእኛ ሙያ የቤት በሽታ ነው። ቤንጃሚን ዎርፍ ሆፒዎች በቋንቋቸው ጊዜን እንደ እኛ አይገልጹም ሲል የጻፈውን፣ ኤከሃርት ማሎትኪ በ1983 ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ከቋንቋው በተለቀሙ ምሳሌዎች አፈረሰው። በ2013 ደግሞ ኪት ቼን የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር በተቃራኒው መንገድ መጣ፤ መጪውን በግስ ለይተው የማያመለክቱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ይበልጥ ይቈጥባሉ፣ ለነገ ይበልጥ ያስባሉ አለ። ሁለት ዓመት ቈይቶ እርሱ ራሱ ከሁለት የቋንቋ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የቋንቋዎችን ዝምድና ሲያስገባበት ውጤቱ ላልቶ ተገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈግጋል፤ ለአንዱ የቅርጽ ማጣት የነገ ማጣት ነው፣ ለሌላው ግን ለነገ መትጋት ነው።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። “ዛማኒ” ወደ ስዋሂሊ የገባው ከዐረብኛው “ዘማን” ነው፤ በዐረብኛ ቃሉ ጊዜ ማለት እንጂ ያለፈ ጊዜ ማለት ብቻ አይደለም። በግእዝና በአማርኛ ያለው “ዘመን” የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ስዋሂሊ ከዚህ ቃል ጥንትን አወጣ፤ አማርኛ ግን “ዘመናዊ” ብሎ ከአንድ ሥር አዲሱን አበቀለ። “ዘመን መለወጫ” የምንለውም ያለፈውን ሸኝተን መጪውን የምንቀበልበት ቀን ነው። አንዱ ቃል በአንዱ ጎረቤት ወደ ኋላ፣ በሌላው ወደ ፊት ከሄደ፣ የቃሉን አቅጣጫ የሕዝብ ፍልስፍና ምስክር አድርጎ ማቆም እንዴት ይቻላል? በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ እንዲህ ነው። “በፊት” ያለፈውን፣ “ወደፊት” መጪውን ያመለክታል፤ “ኋላ እመጣለሁ” ያለ ሰው ገና የሚመጣ ነው፣ “ወደ ኋላ” የተመለከተ ግን ያለፈውን ያያል። ፊትም ኋላም ሁለት አቅጣጫ ይዘው በአንድ አፍ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ። ስዋሂሊም ቢሆን “ኬሾ” ብሎ ነገን፣ “ኬሾኩትዋ” ብሎ ከነገ ወዲያን፣ “ምቶንዶ” እና “ምቶንዶጎ” ብሎ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሁለት ቀናት በየስማቸው ይጠራል። ምቢቲ እነዚህን አላነሷቸውም።

የምቢቲን ትምህርት ከአህጉሩ ወገን የተቃወሙት ብዙዎች ናቸው። ክዋሜ ጄቼ በ1987 መጽሐፋቸው ላይ በአካን ቋንቋ ማስረጃ የጊዜውን ትምህርት ተከራክረዋል፤ ይህን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለቋንቋ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው የኦኮት ፒቢቴክ የ1970 መጽሐፍ ነው። ፒቢቴክ የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። በ1911 የኢጣሊያ ካቶሊካውያን ካህናት የአቾሊ ሽማግሌዎችን ሰብስበው “ማን ፈጠራችሁ?” ብለው ጠየቁ። በቋንቋው “መፍጠር” የሚለውን ብቻውን የሚይዝ ቃል ስላልነበረ ጥያቄው “ማን ቀረጻችሁ?” ሆኖ ተተረጐመ። ሽማግሌዎቹ አናውቅም አሉ፤ ተጨነቁ፤ በመጨረሻ አንዱ፣ በአከርካሪ ነቀርሳ የሚያዝ ሰው ጀርባው እንደ ሸክላ ተቀርጾ እንደሚጎብጥ አስታውሶ፣ ይህን የሚያደርገውን ክፉ መንፈስ ስም ጠራ፤ “ሩባንጋ” አለ። ካህናቱም በዚያ ስም ይሰብኩ ጀመር። አንድ የተሳሳተ ግስ የጕብጥናን መንፈስ የፈጣሪ ስም አደረገው። ምቢቲ በ1970 የአፍሪካውያንን የእግዚአብሔር ስሞችና ጠባዮች ከብዙ ሕዝቦች ሰብስበው ሲያሳትሙ፣ ከስሞቹ ብዙዎቹ የተቀዱት እንዲህ ባለ ጥያቄ ከተሞሉ የሚሲዮናውያንና የተጓዦች ጽሑፎች ነበር። ስብስቡን የሚያነብ ሁሉ ስሙ በየትኛው ጥያቄ እንደተገኘ መጠየቅ ይገባዋል።

ምቢቲ የጠነከሩበት ቦታም አለ፤ እርሱም ከሰፊው መጽሐፍ ይልቅ በ1971 የታተመው፣ ከዶክትሬት ሥራቸው የወጣው፣ ስለ ፍጻሜ ዓለም ትምህርት በካምባ ምድር የጻፉት ነው። እዚያ ስለ አፍሪካ በጅምላ አይናገሩም። ሚሲዮናውያኑ ስለ መጨረሻው ቀን፣ ስለ እሳት፣ ስለ ሰማያዊት አገር የሰበኩባቸውን የኪካምባ ቃላት አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ ምሳሌ የነበረው በትርጉም ቁሳቁስ እንደሆነ፣ ተስፋው ነገ ማለዳ የሚደርስ መስሎ እንደተሰማ፣ ሳይደርስም ሲቀር አማኙ ግራ እንደተጋባ ያሳያሉ። ይህ ከቋንቋ የተነሣ እውነተኛ ትችት ነው፤ ቃሉ፣ ተናጋሪውና ሰሚው ሁሉ በቦታቸው አሉ። አፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊጽፈው የሚችል ነው። በግስ ሠንጠረዡ የጠፋው ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ2014፣ ምቢቲ አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛው ብቻቸውን ወደ ኪካምባ ተርጕመው አወጡ። ለእኔ የትችቱ ሁሉ ማዕከል ይህ ነው። የሩቅ መጪ ጊዜ ቃል የለውም ያሉትን ቋንቋ ይዘው ራእይ ዮሐንስን እስከ ሺሁ ዓመትና እስከ አዲሲቱ ምድር ተረጐሙበት። ምቢቲ ይህ ትችት ቢነገራቸው መልስ አይጠፋቸውም ነበር፤ በመጽሐፋቸውም የመጪው ጊዜ አድማስ በክርስትና ስብከትና በዘመናዊ ትምህርት መስፋት መጀመሩን ጽፈዋል። ነገር ግን የሰፋው በምን ላይ ቆሞ ነው? ግሱ ከውጭ የተቀዳ አይደለም፤ ከሦስቱ ቅርጾች ውጭ አራተኛ ርባታ ከግሪክ አልመጣም። ቅርጹ ቀድሞውኑ ነበረ፤ ሩቁን ለመሸከም የጠየቀው ሩቁን የሚናገር ሰው ብቻ ነበር። ተርጓሚው ምቢቲ ለፈላስፋው ምቢቲ የሰጡት መልስ ይህ ይመስለኛል፤ መልሱም የተሻለው ነው።

ይህ ክርክር ለመምህራን ብቻ የሚጠቅም ረቂቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ጊዜ ባልፈጀሁበት ነበር። “ነገ የሌለው ሕዝብ” የሚለው ወሬ ግን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በልማት ባለሙያዎች ሥልጠና ውስጥ ገብቷል፤ ገበሬው የማያቅደው ቋንቋው ስለማይፈቅድለት ነው ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥሩ ግን ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ አንድ መምህር ሕዝቡን አክብሮ ከጻፈው ምዕራፍ የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለውን ማረም ከጥላቻ የመጣውን ከማረም ይከብዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ከጊዜው ትምህርት ይልቅ ወደሚታወቀው አሳብ ልለፍ። ምቢቲ የዴካርትን ዝነኛ አባባል ገልብጠው፣ የአንድ ሰው መኖር ከማኅበሩ መኖር የተነሣ ነው፤ “እኔ” የምለው “እኛ” በመኖራችን ነው ብለው አስተማሩ። ይህ ዐረፍተ ነገር ዛሬ በስብከት፣ በምረቃ ንግግር፣ በየግድግዳው ይገኛል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል እንቸገራለን። “እኔ ነኝ” ብንል “ነኝ” ማንነትን የሚጠብቅ ግስ ነው፤ “ምንድን ነህ?” ያሰኛል። “አለሁ” ስንል ግን ነገሩ ይቀናል። “እንዴት ነህ?” ሲባል “አለሁ” የሚል ሰው መኖሩን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን ተጠይቆ “አለን” ብሎ በብዙ ቍጥር ይመልሳል፤ ቤቱን ሁሉ ጨምሮ። የምቢቲ ፍልስፍና በአማርኛ ሰላምታ ውስጥ በየማለዳው ይነገራል ማለት ይቻላል። በዚሁ አገር በነጋሪት ጋዜጣ ላይ “እኛ” ለረጅም ጊዜ የአንድ ሰው፣ የንጉሠ ነገሥቱ፣ ተውላጠ ስም እንደነበረም አንርሳ። ብዙ ቍጥር ሁሉ ማኅበር አይደለም።

“እኛ” ማንን ይጨምራል? ይህን ጥያቄ አማርኛም፣ ኪካምባም፣ ስዋሂሊም፣ ምቢቲ የጻፉበት እንግሊዝኛም ተናጋሪውን አያስገድዱትም። ሶማልኛ ያስገድደዋል። “ኢንናጋ” ሰሚውን የሚያካትት “እኛ” ነው፤ “አንናጋ” ሰሚውን የሚያገልል ነው። ልዩነቱ በአጫጭሮቹ የባለቤት ተውላጠ ስሞችም ይገኛል፤ “ዋይኑ ጅርና” ሲል አንተም ያለህበት እኛ አለን ማለት ነው፤ “ዋኑ ጅርና” ሲል አንተ የሌለህበት። በአገናዛቢውም እንዲሁ ነው። በሶማልኛ አባታችን ብሎ ወደ እግዚአብሔር የሚጸልይ ሰው የሚያገልለውን ይጠቀማል፤ ሰሚው እግዚአብሔር ነውና ከልጆቹ አንዱ አይደለም። ያው ሰው ዞር ብሎ ለምእመናን ስለ አባታቸው ቢሰብክ ወደሚያካትተው መሻገር አለበት። የምቢቲ ዐረፍተ ነገር በዚህ ቋንቋ ሲነገር ሁለት ትምህርት ይሆናል። ለማኬሬሬ ተማሪዎች፣ ከልዩ ልዩ ሕዝብ ለመጡት፣ የተባለ ከሆነ የሚያካትት ነው፤ ማኅበሩ ከጎሣ ወሰን ይሰፋል። ለዴካርት ወገን የተመለሰ መልስ ከሆነ የሚያገልል ነው፤ እኛ እንዲህ ነን፣ እናንተ እንዲያ ናችሁ ይላል። መጽሐፉ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ አነባለሁ፤ እንግሊዝኛው ስላላስገደዳቸው ምቢቲ አልመረጡም።

ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ያነሡት የአፍሪካ ሴቶች የነገረ መለኮት ሊቃውንት ናቸው። ጋናዊቷ ሜርሲ አምባ ኦዱዮዬ በ1989 በአክራ በተመሠረተው የአፍሪካውያን ሴቶች የነገረ መለኮት ማኅበር በኩል፣ ስለ ማኅበር በሚነገረው ውብ ነገር ውስጥ ሴቶች የሚሠሩት እንጂ የሚናገሩት ለምን እንደሌለ ጠየቁ። ኬንያዊቷ ሙሲምቢ ካንዮሮ በሙያቸው የቋንቋ ሰው ናቸው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም አማካሪነትም ሠርተዋል። በ2002 መጽሐፋቸው በትውልድ መንደራቸው ካሉ ሴቶች ጋር መጽሐፈ ሩትን ስላነበቡበት ሁኔታ ጽፈዋል። እኔ ለዚህ መጽሐፍ አደላለሁ። ስለ “እኛ” ከላይ ከማስተማር ይልቅ፣ በአንድ መንደር ማን “እኛ” እንደሚልና ማን ዝም እንደሚል ተቀምጦ ማዳመጥ ለእኛ ሙያ የቀረበ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሶማልኛ ተናጋሪ ተማሪ የምቢቲን ዐረፍተ ነገር በሁለቱም ተውላጠ ስሞች ሰሌዳው ላይ ጽፋ ጠመኔውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። “መምህር፣ ይህን ሲናገሩ ፊታቸው የተቀመጠው ማን ነበር?” አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ የቦረናው ተማሪ ከሚያገልለው ወገን ሆኖ ሲከራከር ሰዓቱ አለፈብን። የሚመጣው ሳምንት ተራ የኪካምባ ነው፤ ከሦስቱ የመጪ ጊዜ ቅርጾች የትኛው በራእይ ዮሐንስ የት የት እንደዋለ ለመቍጠር ሁለት ተማሪዎች ምዕራፎቹን ተከፋፍለው ወስደዋል።